የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማስታወቂያው ወጥቶ ሰው ለምን አልሰማም?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የምክር ቤት አባል ነኝ። ውሃ ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ስብሰባ ሲጠራ የሚደርሰኝን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ እለጥፋለሁ። በማግስቱ ሰዉ «ማን ነገረን?» ይለኛል። ምን ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶውን ይተዉት። የደብዳቤ ፎቶ በትንሽ ስልክ አይነበብም፣ ኔትወርክ ሲደክም አይከፈትም፣ በኋላ በቃል ተፈልጎ አይገኝም። ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነብለት ስልክም ፎቶ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ደግሞም ደብዳቤው መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የጻፈው ነው፤ ነዋሪው የሚፈልገው ሰዓት መጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ፍሬ ነገሩን ራስዎ ይተይቡ፤ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ለማስረጃ ከሥሩ ያያይዙ።

ሲተይቡ ሰፈሩን ያስቀድሙ፤ ከዚያ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሚሆንና ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይከተል። የክፍለ ከተማ ስም ብቻ ሲጻፍ ብዙ ሰው የራሱን ቤት አያስብም። ዓባይ ማዶ፣ ሽምብጥ፣ ፔዳ አካባቢ ሲባል ግን ጆሮውን ያቆማል። ሰዉ ዛሬም በድሮው የቀበሌ ቁጥር የሚጠራው ሰፈር ከሆነ ቁጥሩንም ይጨምሩ። «ነገ» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጻፉ፤ ሰኞ የወጣው መልእክት ረቡዕም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። «2 ሰዓት» ብቻ ከተባለም የጠዋቱ ይሁን የማታው አይታወቅም።

ስማርት ስልክ ለሌለው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ። በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል ግን 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ በ67 በ67 ይከፋፈላል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለምሳሌ፦ «ዓባይ ማዶ፦ ሐሙስ የካቲት 12 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ውሃ የለም። ረቡዕ ማታ ቅዱ።» ይህ ክፍተቱንና ነጥቡን ጨምሮ 63 ነው። «ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ» ብለው ከጀመሩ ግን ዋናው ነገር ሳይነካ ቦታው ያልቃል።

በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ማስነገር ዛሬም ይሠራል፤ ችግሩ ባጃጁ እየሄደ መናገሩ ነው። አንዱ ቤት መጀመሪያውን፣ ሌላው ቤት መጨረሻውን ብቻ ይሰማል። በየመገናኛው ይቁም፣ ሙሉውን ሁለት ጊዜ ይበል፣ ከዚያ ይለፍ። ሰው ቤቱ የሚገኘው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊትና ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። የእድር ዳኞችን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱን አስቀድመው ይጠይቁ። ጉዳዩ ዘጌን የሚነካ ከሆነ ወረቀቱ ጀልባ መሳፈሪያው ላይም ይለጠፍ።

አንድ ነገር አደራ፦ ውሃው የተቋረጠበት ሥራ በተባለው 10 ሰዓት ላይ እንደማያልቅ ከታወቀ አዲሱን ሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ይናገሩ። ባዶ ጀሪካን ይዞ ቧንቧ ሥር የጠበቀ ሰው ቀጣዩን ማስታወቂያ አያምንም።

ጥያቄ፦ ተመራጫችን ስለ ሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲጠየቅ ሁልጊዜ «ይሠራል» ይለናል። ክረምቱ እየመጣ ነው። ከዚህ የበለጠ መልስ ማግኘት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። የምክር ቤት አባል በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል እንጂ ቦይ አይቆፍርም። ስለዚህ «መቼ ይሠራል?» ከማለት «የት ደረሰ?» በሉት። በጀት ተይዟል? ጨረታ ወጥቷል? ውል ተፈርሟል? ሥራ ተጀምሯል? አራቱ የተለያዩ ናቸው፤ «ይሠራል» የሚለው ቃል ሁሉንም ይሸፍናቸዋል። በጀት ያልተያዘለት ቦይ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ቢያንስ ያለውን ቦይ ከሰኔ በፊት ለመጥረግ ይረዳችኋል።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 መሠረት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት። መረጃ የማግኘት መብትን የሚዘረዝረው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። በአዋጁ መሠረት መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። «የቦዩ ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የውሉ ቅጂና የማጠናቀቂያ ቀን» በሉ። ጥያቄው በጠበበ ቁጥር ለማድበስበስ ያስቸግራል። ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።

ጥያቄ፦ የተሳሳተ ማስታወቂያ ከለጠፍኩ በኋላ አርሜው ነበር፤ ሰዉ ግን አሁንም የድሮውን ይልክልኛል። ለምን?

መልስ፦ ቴሌግራም ላይ መልእክት ሲታረም ቀድሞ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ አይታረምም። ማጥፋትም አያድንም። «እርማት» ብለው አዲስ መልእክት ይልቀቁ፤ የተሳሳተውን ሰዓትና ትክክለኛውን አብረው ይጻፉ፣ ከላይ ፒን ያድርጉት። ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን ቻናል ቢከፍቱ ደግሞ ይሻላል፤ በቻናል የሚለጥፉት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ስለሆኑ ማስታወቂያው በሰላምታና በወሬ አይዋጥም። የነዋሪው ጥያቄና አቤቱታ በግሩፑ ይቀጥል።