«ሻንጣዬን ሸክፌ ስጨርስ ጠለፈችኝ»

ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ሰፈር የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ ዋናውን ነገር ብቻ አሳጥረን እናቀርበዋለን።

«ዕድሜዬ 43 ነው። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ሲሆን 12ኛ ክፍልን የጨረሰው በ1985 ዓ.ም. ነው። አብረውት የተማሩት ባለፈው ጥር ለጥምቀት ከያሉበት ተሰባስበው ነበርና ቤተሰብ ቤተሰባችንን ይዘን በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። በመንገድ ላይ እያንዳንዱ ያመለጠውን ዕድል እያነሣ መሳሳቅ ተጀመረ። አንዱ ለጥቂት ስለ ቀረበት የማትሪክ ውጤት፣ ሌላው በርካሽ ቀርቦለት ስላልገዛው የሐይቅ ዳር ቦታ አወራ። ከውጭ አገር የመጣች ጓደኛቸው ባለቤቴን ‹አንተ እኮ ከሁላችንም ጎበዝ ነበርህ፤ ምን ሆነህ እዚህ ቀረህ?› አለችው። እሱም በ1996 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ህንድ ሊሄድበት የነበረውን ነፃ የትምህርት ዕድል አነሣና ‹ሻንጣዬን ሸክፌ ስጨርስ ጠለፈችኝ› ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። ጀልባው በሙሉ ሳቀ። ውኃ ላይ ስለነበርን ተነሥቼ መሄድ አልቻልሁም፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ከተጋባን ገና ስድስት ወራችን ነበር፤ የሦስት ወር ነፍሰ ጡርም ነበርሁ። ነገር ግን ‹ሂድ› ያልሁት እኔ ነኝ። ለስንቁ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የቀረው እናቱ ታመው ነው፤ እሱም ፈርቶ ነበር። እኔም የማታ ትምህርቴን ያቋረጥሁት ልጅ ይዤ ነው፣ ግን ማን ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር የማወራው ስለ አስቤዛና ስለ መብራት ክፍያ ብቻ ነው። ለትልቋ ልጄ ‹አባትሽ በእኔ ምክንያት ተሰናክሏል› ብያት ነበር፤ እሷ ግን ‹እማዬ፣ እኔ ነኝ እንዴ ያስቀረሁት?› አለችኝ። ለፋሲካ ደግሞ እንደገና ሊሰባሰቡ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የኖርሁት በእኔ ሲቆጭ ከኖረ ሰው ጋር ነው ወይ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ጎልቶ የታየኝ የባለቤትዎ ቀልድ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዐይኔ ያረፈው ስለ ማታ ትምህርትዎ በጻፏት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ለመጨረሻው ጥያቄዎ ከአንድ ቀልድ ተነሥቶ «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት ለማንም ባለሙያ የሚቻል አይደለም። ይሁንና ከጻፉት ነገር ስነሣ፣ ያ ቀልድ የተነገረው ለጓደኛቸው ጥያቄ ማምለጫ ይሆን ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ልዘርዝር።

በ1985 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል መጨረስ ምን ማለት እንደነበር ያስታውሱ። በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የነበራቸው የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ በባሕር ዳርም ቢሆን የመምህራን ኮሌጁና ፖሊቴክኒኩ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ልጆች በአንድ ፈተና ውጤት ይለያዩ ነበር፤ አንዱ አዲስ አበባ ሲገባ ሌላው ቤት ይቀር ነበር። በክፍል ውስጥ ማን አንደኛ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚከተል ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲገናኙም ያ ደረጃ ከአእምሮአቸው አይጠፋም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ስለ ሕይወታቸው እንዲናገሩ ሲጠይቋቸው፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ድረስ ያለው ጊዜ ትዝታ ከሌላው ዘመን ይልቅ በብዛት እንደሚመጣላቸው ደጋግመው አስተውለዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሰው «እኔ ማን ነኝ» የሚለውን በአመዛኙ የሚወስነው በዚያ ዕድሜ መሆኑ ነው። እንግዲህ የድሮ የክፍል ጓደኛ ለባለቤትዎ እርስዎ ከማወቅዎ በፊት ለነበረው ለዚያ ጎበዝ ልጅ ምስክር ነው። «ምን ሆነህ እዚህ ቀረህ?» የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ምስክሮች ፊት ሲቀርብ መልስ ይፈልጋል። «ፈራሁ» ማለት ከባድ ነው፤ «እናቴ ታማ ነበር» ማለትም የጥምቀትን ጨዋታ ያቀዘቅዛል። «ጠለፈችኝ» ግን ሳቅ ያመጣል፣ ጥያቄውንም ይዘጋል። በእኛ አገር ጠለፋ የወንድ ሥራ ሆኖ ሲወራ ስለ ኖረ፣ ተገልብጦ ሲነገር ሳቁ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። (እግረ መንገዴን፣ ጠለፋ ለተጠለፈችው ልጅ ምን እንደነበር የሚያስብ ሰው በዚህ ቀልድ ለመሳቅ ይዘገያል፤ ይህ ግን የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።)

ይህን ስል ባለቤትዎን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ራሳቸውን ከጥያቄው ያወጡት እርስዎን በቦታቸው አቁመው ነው፤ ያውም መልስ ለመስጠትም ሆነ ተነሥቶ ለመሄድ በማይመች ቦታ፣ በልጅዎ ፊት። በዚያ ሳቅ ውስጥ አብረው መሳቅዎም ቀልዱን ወደዱት ማለት አይደለም፤ ሰው ሲደነግጥም፣ ሲያፍርም ከሌላው ጋር ይስቃል። ስለዚህ መከፋትዎ ተገቢ ነው፤ ማንም ሰው «ቀልድ አታውቅም» ብሎ ሊያሳንሰው አይገባም።

አሁን ወደ ቁጭቱ እንሂድ፤ ቁጭት እንዳለባቸው አልጠራጠርምና። «ለጥቂት» የምንላት ቃል በሰው ልብ ላይ የምትሠራው ሥራ ብዙ ተጠንቷል። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የተቀረጹ ምስሎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ የብር ሜዳሊያ ያገኙት ስፖርተኞች ነሐስ ካገኙት ያነሰ ደስታ በፊታቸው እንደታየ ጽፈዋል። ብር ያገኘው የሚያየው ለጥቂት ያመለጠውን ወርቅ ሲሆን፣ ነሐስ ያገኘው ደግሞ ለጥቂት ባዶ እጁን ከመመለስ መትረፉን ያያል። ከእነዚያ ተመራማሪዎች መካከል የሆኑት ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ፣ ሰዎች በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ የሚቆጩት ባደረጉት ነገር ቢሆንም፣ ዓመታት ሲያልፉ ግን ባላደረጉት ነገር መቆጨታቸው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ያደረግነው ስሕተት ይታረማል፤ ይቅርታ ይጠየቅበታል፣ ወይም ቢያንስ መጨረሻው ይታወቃል። ያላደረግነው ግን መጨረሻ ስለሌለው እንደፈለግን እናሳምረዋለን። ባለቤትዎ ሄደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሱት ሙቀቱን፣ ናፍቆቱን፣ የእናታቸውን ሕመም በስልክ መስማትን፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ አለመኖራቸውን ጭምር ነበር። ያልሄዱባት ህንድ ግን ከእነዚህ አንዱም የለባትም።

ከዚህ የሚከተለው ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ነጥብ ነው። ባልሄዱበት ትምህርት መቆጨትና ባገቧት ሴት መቆጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ለሃያ ዓመት በመጀመሪያው እየተቆጨ፣ ሁለተኛው ግን በሐሳቡ ሳይመጣ ሊኖር ይችላል። በአሜሪካ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ሁለት ባለሙያዎች በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ ሰዎች አብዝተው የሚቆጩበት ጉዳይ ትምህርት ነው፤ ፍቅርና ትዳር የሚመጡት ከእሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ በእጃቸው ገብቶ በነበረ የትምህርት ዕድል ቢቆጩ አያስገርምም። በቅኔ ምድር ያደግን ሰዎች በእያንዳንዱ ሰም ሥር ወርቅ መፈለግ ልማዳችን ነው። በዚህ ቀልድ ሥርም ወርቅ አለ፤ እርስዎ ግን «በእሷ ተቆጨሁ» ብለው የፈቱት ይመስለኛል፤ እኔ የማየው «ፈርቼ ነበር» የሚለውን ነው።

አሁን ደግሞ እርስዎን ትንሽ የሚያስከፋ ነገር ልጠይቅ። «ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ» ብለዋል፤ አምንዎታለሁ። ነገር ግን ከሠርግዎ ስድስት ወር ብቻ ያለፈዎት የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆነው «ሂድ» ሲሉ ፊትዎ ምን ይል ነበር? ድምፅዎስ? አንዳንድ «ሂድ» «አትሂድ» ሆኖ ይሰማል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች ያነበቡትን ታሪክ ደጋግመው ሲናገሩት የማይመቻቸውን እየጣሉ፣ የሚመቻቸውን እያስተካከሉ እንደሚሄዱ አሳይቶ ነበር፤ ይህንም የሚያደርጉት ሳይታወቃቸው ነው። ባለቤትዎ ምናልባት የዚያን ዓመት ፊትዎን አስታውሰው ቃልዎን ረስተው ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ ቃልዎን አስታውሰው ፊትዎን ረስተው ሊሆን ይችላል። አንዳችሁም ሳትዋሹ ሁለት የተለያዩ 1996ቶች ይዛችሁ ኖራችኋል።

ወደዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «እኔም የማታ ትምህርቴን ያቋረጥሁት ልጅ ይዤ ነው፣ ግን ማን ጠየቀኝ» ብለው በችኮላ አልፈውታል። ምን ይማሩ እንደነበር እንኳ አልነገሩንም። ለባለቤትዎ ህንድ ብዙ መስመር ሰጥተው ለራስዎ ትምህርት አንድ መስመር ሰጡ። ዘጌ እስክትደርሱ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ሲነገር የቆየው ያመለጠ ዕድል ሁሉ የዚያ ክፍል ልጆች ዕድል ነበር፤ የእርስዎን የጠየቀ አልነበረም፤ የመጣልዎት ተራ ሌላውን ያስቀረች ሴት ሆኖ የመጠቆም ተራ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የነሣዎት ከቀልዱ ይልቅ ይህ ነው። ቀልዱ በይቅርታ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህኛው ግን የሚያልፈው ሲነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅዎ። እሷ የጠየቀችው ጥያቄ ከእርስዎ ጥያቄ ይልቅ አስቸኳይ ነው። «በእኔ ምክንያት ተሰናክሏል» ብለው ምሬትዎን ሲያካፍሏት፣ በዚያ ዓመት በማኅፀንዎ የነበረችው እሷ መሆኗን አልቆጠሩም፤ እሷ ግን ቆጥራለች። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅም ብትሆን «የአባቴን ዕድል የዘጋሁ ልጅ ነኝ» የሚል ሐሳብ በቀላሉ አይለቅም። እርስዎ ዛሬውኑ «አይደለሽም፤ አያትሽ ታመው ነበር፣ አባትሽም በዚያን ጊዜ ወሰነ፤ እኔም በንዴት የተናገርሁት ነው» ይበሏት። ማጽናናቱ የሚሞላው ግን አባቷ ራሳቸው ሲናገሩት ነው። ከባለቤትዎ ጋር ንግግር ለመጀመርም ከዚህ የተሻለ በር የለም፤ «ልጃችን እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ» ሲባል ዝም የሚል አባት ጥቂት ነው።

ንግግሩን ማታ፣ ሁለታችሁም ደክማችሁ ሳለ አይጀምሩት። ሽማግሌም ገና አይጥሩ፤ ሽማግሌ የተጣላን ለማስታረቅ ነው፣ እናንተ ግን ገና አልተነጋገራችሁም። እሑድ ጧት ሐይቁ ዳር እየተራመዱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠ ይልቅ ከባድ ነገር ለመናገር ይቀለዋል። «ተጸጽተሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ «አዎ» ቢባል ያቆስላል፣ «አይ» ቢባልም አይታመንም። ይልቁንም «በጀልባው ላይ የተናገርኸው ከፍቶኛል። ለጓደኞችህ ያሳጠርኸውን ለእኔ አርዝመህ ንገረኝ፤ ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ እስከቀረህበት ቀን ድረስ» ይበሏቸው። ከዚያ ሳያቋርጡ ያድምጡ፤ «እሱ እንዲያ አልነበረም» ለማለት የሚያስገድድ ቦታ ላይ ቢደርሱም እንኳ ይታገሡ። ሲጨርሱ የእርስዎን 1996 ይንገሯቸው፤ ስለ ስንቁ፣ ስለ ፍርሃትዎ፣ በመቅረታቸው በልብዎ ደስ ብሎዎት ከነበረም ስለ እሱ። በመጨረሻ የማታ ትምህርትዎን ይንገሯቸው፤ ይህን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱት።

«በእውነት አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ» ብለው በቁም ነገር ቢመልሱልዎትስ? ያማል፤ ቢሆንም ያን ጊዜ ቢያንስ በቀልድ ተሸፍኖ የኖረው ነገር ስም አግኝቷልና፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ አማካሪ መሄድ ትችላላችሁ። መከፋቱ ከዚህ በኋላም ለሳምንታት ከቀጠለ ወይም ልጅዎ ዝምታ ካበዛች ግን ባለቤትዎን ሳይጠብቁ በአካል ሄደው ባለሙያ ያነጋግሩ።

ስለ ፋሲካው ስብስብ፣ አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ይሂዱ፤ ካልተነጋገራችሁ ግን «አልመጣም» ማለት መብትዎ ነው፣ ምክንያቱንም ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። የሄዱ እንደሆነ ያ ታሪክ እንደገና መነሣቱ አይቀርም፤ ባለፈው ጀልባውን በሙሉ ያሳቀ ታሪክ በቀላሉ አይተውም። ስለዚህ በቤታችሁ ሳላችሁ ተስማሙ፤ ባለቤትዎ ታሪኩን ቢናገሩ ዳቦ ቆሎውን ሳይረሱ ይናገሩት። ያን ሁሉ ስንቅ በመጨረሻ ማን እንደበላው ደግሞ እርስዎ ይናገሩ፤ እኔም ደብዳቤዎን ሳነብ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር።