መልስ፦ ለተመለሰ የሆኪ ቡድን፣ የድሮው አርማ ወይስ አዲስ?
«የድሮው አርማ ይመለስ ወይስ አዲስ ይሠራ?» ላሉት፣ መጀመሪያ የድሮው አርማ መብት በማን እጅ እንዳለ ያጣሩ። ስም ተመለሰ ማለት ሁሉም አብሮ መጣ ማለት አይደለም። የካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን ዊኒፔግ ጄትስ በ1996 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካዋ ከተማ ፊኒክስ ሄደ፤ በ2011 ስሙን ይዞ ብቅ ያለው ከአትላንታ የተዛወረ ሌላ ቡድን ነው። አዲሱ አርማ ከካናዳ አየር ኃይል ክብ ምልክት ተነሥቶ ቀይ የሜፕል ቅጠል ላይ ተዋጊ ጄት አሳረፈ፤ የድሮው ለልዩ ጨዋታዎች መለያ ሆነ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ንድፉን በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በአንድ ቀለም አትመው ይዩት። ቀጫጭን መስመሮችና ጠባብ ክፍተቶች ጥልፍ ላይ ይደፈናሉ። ጠቆር ያለ አርማ ጠቆር ያለ ማልያ ላይ ስለሚዋጥ ነጭ ወይም ብርማ ጠርዝ ይጨምሩለት።