«መሬቱም የመንግሥት፣ እንስሳውም የመንግሥት» ላለ አዳኝ ምን ይመለስለታል?

ጥያቄው የመጣው ከወሎ፣ ከተሁለደሬ ወረዳ ልጅ ነው። እሱ ኮምቦልቻ ይሠራል፣ ወላጆቹ ሐይቅ አካባቢ ገጠር ናቸው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ላስቀምጠው፦

«አባቴና እናቴ ደብተር ያለው መሬት አላቸው። ታች ጤፍና ማሽላ ይዘራል፣ ላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል፣ ከባሕር ዛፉ ጎን ደግሞ ሆን ብለው ሳይነኩ የተዉት ቁጥቋጦ አለ። እዚያ ጅግራና ሚዳቋ ገብቷል። ይህን የሰሙ ጎረምሶች ቅዳሜና እሁድ ከከተማ በመኪና ይመጣሉ። ጠመንጃና ውሻ ይዘው አጥሩን ጥሰው ይገባሉ። በቅርቡ ውሾቻቸው በግ ገደሉብን። አባቴ ሲቆጡ አንዱ ‹መሬቱም የመንግሥት፣ እንስሳውም የመንግሥት፣ አንተን ምን አገባህ?› አላቸው። አሁን አባቴ ‹ምንሽሬን አውጥቼ ወደ ላይ ልተኩስባቸው› እያሉ ነው። ምን እናድርግ? ወይስ ከፍለው እንዲያድኑ ብንፈቅድላቸው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ግን ይህን ጽሑፍ ከመጨረስህ በፊት ለአባትህ ደውልና ምንሽሩ ከተሰቀለበት እንዳይወርድ ንገራቸው። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

የጎረምሳው ንግግር ግማሽ እውነት አለበት፣ አባትህም መልስ ያጡት ለዚህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ልክ ነው። ያው አንቀጽ ግን ዝቅ ብሎ አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራው ንብረትም የራሱ እንደሆነ ይናገራል። ባሕር ዛፉ የአባትህና የእናትህ ነው። ቁጥቋጦው ያለበት መሬትም በደብተሩ ላይ በስማቸው እስከተመዘገበ ድረስ ይዞታው የእነሱ ነው። በክልላችን፣ በአማራ ክልል፣ ይህን የሚገዛው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። «የመንግሥት ነው» ማለት «ያገኘ ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ይገባበታል» ማለት አይደለም። እንዲያ ቢሆንማ ልጁ ከተማ ያለው የቤተሰቡ ግቢም የመንግሥት መሬት ላይ ነው፣ እኛም በሬያችንን ነድተን እንግባበት?

እንስሳው የመንግሥት ነው ያለውማ ራሱን ነው የከሰሰው። የመንግሥት ከሆነ የመንግሥትን ፈቃድ ያሳያ! የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፣ ቅጣቱም እስራት ድረስ ይሄዳል። ወሎ ውስጥ የዱር እንስሳ ጥበቃ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ ያሉት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ናቸው። አዋጁ ግን ፓርኩ ድንበር ላይ አያቆምም፣ እናንተ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለችውን ሚዳቋም ይጠብቃታል። እዚህ ላይ «ጠመንጃው እኮ ፈቃድ አለው» የምትል መልስ መምጣቷ አይቀርም። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሌላ፣ የአደን ፈቃድ ሌላ። የአደን ፈቃድ እንኳ ቢኖረው የሚያድነው በተፈቀደለት ቦታ የተፈቀደለትን እንስሳ ነው እንጂ ደስ ባለው ማሳ አይደለም።

ይኸው ነገር የመጨረሻ ጥያቄህንም ይመልሳል። ባሕር ማዶ የመሬት ባለቤት መሬቱን ለአዳኝ እያከራየ ይኖራል። እኛ አገር የግል የአደን መሬት የሚባል ነገር የለም። ይዞታው የእናንተ ቢሆንም ጅግራው የእናንተ ስላልሆነ ልትሸጡት አትችሉም። ገንዘብ ተቀብላችሁ ካስገባችኋቸው ነገ ተከሳሾቹ እነሱ ብቻ አይሆኑም። ይህን ሐሳብ እርሳው።

አሁን ወደ መፍትሔው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን በሰው መሬት ላይ የሚገባን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል፣ ነገር ግን መግባቱ ባለይዞታው በግልጽ እየተቃወመ መሆን አለበት። ይህቺ «በግልጽ» የምትለዋ ነገር ቀላል አይደለችም። ብዙ ጊዜ የእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሥር ሲቆፈር የሚወጣው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። የሆነ ዓመት ከርከሮ ማሽላውን ሲጨርሰው ገበሬው ራሱ «ኑና ገላግሉኝ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ እነሱም ከርከሮውን ገድለው ምሳ በልተው ተመርቀው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወዲህ መንገዱን ስለለመዱት መጠየቅ ይተዋሉ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ «አባባ ራሳቸው ናቸው የጠሩን» ይላሉ። አባትህ እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ ለጠበቃቸው አይደብቁ፣ ድሮ መፍቀድ ለዘላለም መፍቀድ አይደለም። ግን ፈቃዱ መነሳቱ መታወቅ አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ሲመጡ አባትህ ብቻቸውን አይውጡ፣ ሁለት ጎረቤት ይዘው ወጥተው «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትገቡ» ይበሏቸው። በዚያው ሳምንት ለቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክቱ፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። በሁለት በኩል «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ብትተክሉም አይከፋም። አንድ ነገር ግን፦ ሰው ከጥንት ወደ ምንጭ፣ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ገበያ የሚሄድበት የእግር መንገድ በመሬቱ ካለፈ እሱን አትዝጉ። ለአዳኝ ብላችሁ ከአገር ሰው ጋር ትጣላላችሁ፣ በክሱም ላይ ደካማ ጎን ትሆንባችኋለች።

ካልሰሙ ክሱ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል፣ መሠረቱ የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ነው። ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ እንዲቆም ያዛል፣ ካሣም መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው ሁከቱ ከተፈጠረ 2 ዓመት ነው፣ ካለፈ ቀረ። ለወረዳ ፍርድ ቤት የሚያስፈልጋችሁ ደብተሩ፣ ያዩ ሰዎች፣ የመኪናው ታርጋ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። ፎቶውን ከሩቅ አንሱት፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ስልክ መደቀን ጀግንነት አይደለም። ከሳሾቹ ደግሞ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያለው አባትህና እናትህ ናቸው። ደብተሩ የጋራ ከሆነ እናትህን አትርሳ፣ ሁልጊዜ ይረሳሉ። አንተ ልትቆምላቸው ከፈለግህ ውክልና ይስጡህ፣ ልጅ ለወላጆቹ በውክልና መከራከር ይችላል።

የበጉ ጉዳይ ቀላሉ ነው። በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድነውም። የበጉን ዋጋ በገበያው ዋጋ በሚያውቁ ሰዎች አስገምታችሁ በጽሑፍ ያዙት። ይህም ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ 2 ዓመት ነው።

ምንሽሩስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ሁከት ሲደርስበት በጉልበት እንዲከላከል ይፈቅዳል፣ ሁኔታው ከሚፈልገው በላይ ኃይል እንዳይጠቀም ግን ያስጠነቅቃል። ጅግራ ለሚያባርር ሰው ጥይት አይመጥነውም። በወንጀል ሕጉ የመከላከል መብት አንቀጽ 78 ላይ አለ፣ ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አንቀጽ 79 ይናገራል። ሰው ከሞተና ከመከላከል ልክ በማለፍ ነው ከተባለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት እስራት ነው። ነገሩ መከላከል አልነበረም ከተባለ ግን አንቀጽ 540 ይመጣል፣ እሱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። «ወደ ላይ ነው የምተኩሰው» ማለትም አያዋጣም፣ እነሱም ታጥቀዋል፣ በተራራ ላይ ማን ወደ ማን እንደተኮሰ ማን ይለያል? በዚያ ላይ ምንሽሩ ያልተመዘገበ ከሆነ የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ 1177/2012፣ መጀመሪያ የሚይዘው አባትህን ነው። በዚህ ጊዜ በእኛ አገር የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ለወሎ ሰው አልነግርም። ወጥመድና ጉድጓድም እንዲሁ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ቢገባበት ተጠያቂው የቆፈረው ነው። ለውሾቹ መርዝ ማስቀመጥማ አይታሰብ።

ሽምግልናውን አልጠላም፣ እንዲያውም እናንተ ዘንድ አበጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ገብቶበት የሚያልቅ ነገር ፍርድ ቤት ከሚፈርደው ይልቅ ይጸናል። ነገር ግን አጥር መስበርን የመሰለ በአቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ «ይህን ጁምዓ፣ የሚቀጥለውን ጁምዓ» ሲል ሦስቱ ወር ሽው ይላል። ስለዚህ አቤቱታውን ለፖሊስ አስገቡና ከዚያ ተሸምገሉ፣ ከታረቃችሁ ታነሱታላችሁ። ስምምነቱ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ዳግመኛ ቢገቡ የሚከፍሉት ይቀመጥበት። የበጉ ዋጋ በዕርቅ ያልቃል። ሕገወጥ አደኑ ግን የመንግሥት ክስ ስለሆነ ሽማግሌም አባትህም ይቅር ሊሉት አይችሉም፣ ይህን ልጆቹ ቢያውቁት በድርድሩ ላይ ልባቸው ቶሎ ይለዝባል።

ይህን ስጽፍ ትዝ ያለኝ አንድ ነገር አለ፣ አንተ ባትጠይቀውም። ጎረምሶቹ መጥተው የገደሉትን ጥለው ሲሮጡ ሚዳቋዋ ወይም ጅግራው መሬታችሁ ላይ ቢቀር ማንም አያንሳው። ያለ ፈቃድ የታደነ እንስሳ ሥጋና ቆዳ ይዞ መገኘት ራሱ ያስጠይቃል፣ ለእናንተ ደግሞ ዋናው ማስረጃችሁ እሱ ነው። ፎቶ አንሱት፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ደውሉ፣ እስኪመጡ ውሻ እንዳይጎትተው አንድ ሰው ይጠብቀው።