ኮዱ አንድ፣ እርሾው ሁለት

«ባሕር ዳር በእኔ ኮምፒውተር ያለ ችግር የሚገነባው ፓኬጅ፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ‹ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም› እያለ ይቆማል፤ ኮዱ አንድ ነው፤ ምን እናድርግ?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ኮዱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ኮዱ የተጻፈበት ቋንቋ፣ የሁለታችሁ ፓይተን፣ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ ተያዩ። የእርሱ 3.12 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ፣ የአንተ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረ ይመስለኛል። የፓኬጅ መገንቢያው ዲስትዩቲልስ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.12 ከፓይተን ተወግዷል። አዲስ ምናባዊ አካባቢ (ለአንድ ሥራ ብቻ የሚለይ የፓይተን ክፍል) ሲፈጠርም ሌላው የመገንቢያ መሣሪያ ሴትአፕቱልስ ከዚያ ወዲህ አብሮ አይጫንም። ሴትአፕቱልስ የዲስትዩቲልስን ቅጂ ይዞ ስለሚመጣ፣ እርሱን ብትጭኑት ለዛሬው ታልፋላችሁ።

ለዛሬው አልሁ እንጂ ነገሩ በዚያ አያበቃም። እኔ ራሴ ቡሬ አካባቢ ላለ የእህል መጋዘን የመዝገብ ፕሮግራም ስሠራ ሁለት ቀን ሙሉ ተንገላትቻለሁ። የምጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ ኮዶች) በሙሉ ከነቨርዥን ቁጥራቸው ጽፌ ቆልፌአለሁ፤ ከእነርሱ አንዱ ፓይያምልም 5.4.1 ተብሎ ተቆልፏል። በእኔ ኮምፒውተር ይጫናል፣ በአዲሱ ግን አይጫንም። ኔትወርኩን ወቀስሁ፣ መብራቱን ረገምሁ፣ ኮዴን ሦስት ጊዜ ገለባበጥሁት። በመጨረሻ የስሕተቱን ጽሑፍ ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምሬ ሳነብ ጉዱ ወጣ። የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው ፒፕ፣ ፓኬጅን ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ ለብቻው ጊዜያዊ ክፍል ይከፍትና የመገንቢያ መሣሪያዎቹን እዚያ ያወርዳል። ያ ፓይያምል ሳይተን የተባለውን መሣሪያ ያለ ቨርዥን ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሳይተን 3.0 ገብቶ ግንባታውን አፈረሰው። የእኔ ኮምፒውተር የዳነው ቀድሞ የተገነባውን ስላስቀመጠ ብቻ ነበር። ወደ 6.0.1 ስቀይረው ተፈታ።

እናቴ የእኅቴ እንጀራ ለምን እንደተለየ ስትጠየቅ «ጤፉማ አንድ ነው፣ እርሾው ነው» ትላለች። እኔም የቆለፍሁት ጤፉን፣ ላይብረሪዎቹን፣ ነበር፤ እርሾውን፣ የመገንቢያ መሣሪያዎቹን፣ አልቆለፍሁም።

ስለዚህ የራስህ ፓኬጅ ውስጥ ፓይፕሮጀክት ዶት ቶምል የተባለውን ፋይል ክፈት፤ የግንባታ መስፈርቱ ሥር ሴትአፕቱልስን ያለ ቁጥር ጽፈኸው ከሆነ፣ የሞከርኸውን ቨርዥን ጨምርበት። የሁለታችሁን ኮምፒውተር ስታወዳድሩ ደግሞ የተጫኑትን ፓኬጆች በሚዘረዝረው በፒፕ ፍሪዝ ትእዛዝ አትታመኑ። በቀድሞዎቹ ፓይተኖች ሴትአፕቱልስን ራሱን አይዘረዝርም፤ ፒፕ ሊስት ይሻላል።

ስሕተት ሳይናገር የሚያደናግርም አለ። ከሴትአፕቱልስ 69.3 ጀምሮ፣ የፓኬጁን ምንጭ ኮድ ጠቅልሎ በሚይዘው ፋይል ስም ላይ የነበረው ሰረዝ (-) ወደ ታች መስመር (_) ይቀየራል። ፋይሉን በአሮጌ ስሙ የሚፈልግ ስክሪፕት ካለህ «ጠፋ» ይልሃል፣ ፋይሉ ግን ዓይኑ ሥር ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ኢንተርኔቱ ካስቸገረ፣ አንተ ዘንድ ዊል የሚባለውን፣ ተገንብቶ ያለቀ የፓኬጅ ፋይል፣ ገንብተህ በፍላሽ ላክለት። ንጹሕ ፓይተን ከሆነ በየትኛውም ኮምፒውተር ይገባል፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ካለበት ግን ለአንተ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ብዙ ጊዜም ለአንተ የፓይተን ቨርዥን ብቻ ነውና አትድከም። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እምቢ ካለ፣ የስሕተቱን የመጀመሪያ ሃያ መስመር ከሁለታችሁ የፒፕ ሊስት ጋር እዚህ ለጥፈው።