ርዕሱ ላይ አትቁሙ፣ ውስጡ ግቡ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥብቅና ላይ ነውና አንድ ነገር ልምከራችሁ። ሕግ ስታነቡ ርዕሱን አይታችሁ አትመለሱ።

እስራኤል ፍልስጤማውያን የሚኖሩበትን ዌስት ባንክን በጦር ከያዘች ከወራት በኋላ፣ ነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ.፣ ጦሩ ትእዛዝ ቁጥር 101ን አወጣ። ርዕሱ ቅስቀሳንና የጠላት ፕሮፓጋንዳን ስለመከልከል ነው። ሲሰሙት ክፋት የለውም። ውስጡ ስትገቡ ግን አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ተሰብስቦ ስለ ፖለቲካ፣ ወይም ፖለቲካ ነው ሊባል ስለሚችል ጉዳይ ለመነጋገር የወታደራዊ አዛዡን ፈቃድ ይፈልጋል። ባንዲራ ማውለብለብም፣ ፖለቲካ ያለበት ጽሑፍ ማተምም እንደዚያው። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል።

እስቲ አስቡት። እዚህ አዳማ፣ ማታ ማታ ጀበና ቡና ጋ በርጩማ ስባችሁ ስትቀመጡ አሥር ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንዱ የኑሮ ውድነት ያነሳል፣ ሌላው ሥራ አጥነት፣ ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢኖርብን ቡናው ሳይቀዳ ሁላችሁም ወንጀለኛ ናችሁ።

አገር የያዘ ጦር ፀጥታ የማስከበር ሥልጣን አለው፣ ይሄን አልክድም። ስለ ጦርነት ሕግ የወጣው ዓለም አቀፉ የ1907 እ.ኤ.አ. የሄግ ደንብ አንቀጽ 43 ግን ፍጹም ካልተገደደ በቀር የአገሩን ሕግ እንዲያከብርም ያዘዋል። ይሄ ሁሉ የተጻፈው ወረራ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ትእዛዝ በወጣበት ዓመት የተወለደ ፍልስጤማዊ ዛሬ ልጆቹን ድሮ ሊኩል ይችላል፣ አዛዡን ግን አንድ ቀን እንኳ አልመረጠውም፣ በድምፁም ሊያወርደው አይችልም። ሲከሰስ የሚቀርበው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያው መሬት ላይ የሰፈረው እስራኤላዊ ደግሞ በሲቪል ፍርድ ቤት ይዳኛል።

ስለዚህ አፍ የሚይዝ ሕግ ሲያጋጥማችሁ ፈቃጁ ማን እንደሆነ፣ ከለከለኝ ብላችሁ ወዴት አቤት እንደምትሉ፣ ደግሞም መቼ እንደሚያበቃ ፈልጉ።

የራሳችሁንም እወቁ። የእኛ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ለሰላማዊ ሰልፍ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው፣ አስፈቅዱ አይልም። ባለሥልጣኑ ምክንያቱን ጽፎ ጊዜና ቦታ ቀይሩ ሊላችሁ ይችላል፣ ጭራሽ አይካሄድም ማለት ግን አይችልም። ብዙ ወጣት ይሄን ሳያውቅ በቃል አትችሉም ሲባል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ ቀንና ሰዓት አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱና እናንተው ጋ ይቀመጥ።