«ክብደት እስኪጨምር ብንጠብቅስ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅሽ ገና ሁለት ወር ተኩሉ ነው። ከእሱ በፊት የወለድሽው ወንድ ልጅ በአምስት ወሩ በሳንባ ምች ሞቶብሻል። የዚህኛውም አፍ ላይ ያለው ነጭ ነገር በመድኃኒት አልለቅ ብሏል። ሐኪሙ «ሲወለድ ጀምሮ በሽታ የሚከላከልበት ሴል ላይኖረው ይችላል፤ ከሆነ የስቴም ሴል (መቅኔ ውስጥ ያለ፣ የደም ሴሎችን የሚያመርት እናት ሴል) ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል» ብሎሻል።

አትጠብቂ፣ እታለም። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፤ አንዱን ቀብሬ አንዱን ያተረፍኩ እናት ነኝ።

እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ምንም አይመስሉም። ማሕፀን ውስጥ ከእናታቸው የወሰዱት መከላከያ ለጥቂት ወራት ይይዛቸዋል። እሱ ሲያልቅ ሳሉም ተቅማጡም ይከታተላል። ያኔ ክብደት ሊጨምር ቀርቶ ያለውም ይረግፋል። ከ3 ወር ተኩል በፊት የተተከለላቸው ሕፃናት ከመቶው ከ90 በላይ እንደሚተርፉ በአሜሪካ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ቢዘገይም ኢንፌክሽን ሳይዘው የደረሰ ልጅ ተስፋው ትልቅ ነው። የእኔ ግን ሰባት ወር ሞልቶት፣ ሳንባው ታሞ ነው የደረሰው።

ያዘገየንን ልንገርሽ። በሁለት ወሩ ሲያመው አንድ ጤና ተቋም ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ተሠርቶለት ነበር። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ጠቅላላ ነጭ የደም ሴሉን አይተው «ደህና ነው» ብለው ሸኙን። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሊምፎሳይት የሚለው፣ ማለትም በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል፣ 700 ይላል። በዚያ ዕድሜ ከ3,000 በታች ሲሆን ሊያጠራጥር ይገባል። ማንም ልብ አላለውም። ስለዚህ ነገ ሐኪሙን «ፐርሰንቱን ሳይሆን ቁጥሩን ያሳዩኝ» በይው። በእናትሽ በኩል በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ ካለም ተናገሪ። የዚህ በሽታ አንዱ ዓይነት በእናት በኩል ነው የሚተላለፈው፤ የሚታመሙትም ወንዶቹ ናቸው። ሁለት አጎቶቼ ጡት ሳይጥሉ መሞታቸውን እናቴ የነገረችኝ ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ነው።

ቀጣዩ የክትባት ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ሐኪሙን አማክሪ። በአፍ የሚሰጡት ፖሊዮና ሮታ ሕይወት ያለው ቫይረስ አላቸው። ሲወለድ የተከተበው ቢሲጂ፣ የቲቢው ክትባት፣ ደግሞ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አለው። ብብቱን ዳብሺ፤ እብጠት ካለ ዝም አትበይ። የእኔ ልጅ ብብት እንደ ሽምብራ አብጦ ነበር፤ ኋላ የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩት። ደም መውሰድ ካለበት በጨረር የታከመ መሆን አለበት። ጡት ማጥባቱን በራስሽ አታቁሚ፤ ግን ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ እንዳለብሽ እንደሌለብሽ ይመርመሩሽ፣ በወተት ሊተላለፍ ይችላል።

ከሁሉም የከበደኝ ጠያቂ መከልከሉ ነው። እኛ አገር የታመመ ልጅ ቤት ሰው ይሞላል፣ ሁሉም ይስማል። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ወንበር ደርድሮ ቡናውን እዚያ አደረገው። ከበሩ የሚያልፍ አልነበረም። አማቴ በጀልባ ዘጌ ወስደን ጠበል እናጠምቀው ስትል የንስሐ አባታችን ራሳቸው «እስኪድን እኔ እዚህ እጸልያለሁ» አሏት። ቤት መጥተው ከደጅ ጸልየው ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው።

ንቅለ ተከላ ሲባል ቀዶ ጥገና መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሕንድ ነው የሄድነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች ለንቅለ ተከላ በሴል ዓይነት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ የስድስት ዓመቷ ልጄ ገጠመችለት። አደንዝዘው ከዳሌ አጥንቷ መቅኔ ቀዱ። ማታ የመጣው ትንሽ ከረጢት ነው፤ ሲያዩት ተራ ደም ይመስላል። ነርሷ ሰቀለችው፣ በቱቦው ጠብ ጠብ እያለ ገባ፣ አለቀ። ለካ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት የተሳካ ንቅለ ተከላም እ.ኤ.አ. በ1968 ሚኒሶታ ውስጥ ሲሠራ ሕፃኑ የዳነው በእህቱ መቅኔ ነው።

የሚገጥም ወንድም እህት ከሌለም በግማሽ የሚገጥም አባት ወይም እናት ይሰጣል፤ ተስፋ አትቁረጪ። ከተተከለ በኋላ ሴሎቹ እስኪበዙ ወራት ይፈጃል። የገባው ሴል የልጁን አካል እንደ ባዕድ አይቶ ሊያጠቃውም ይችላል። የእኔ ልጅ ቆዳው ቀልቶ፣ ተቅማጥ ይዞት ሁለት ሳምንት አስጨንቆናል።

ዘንድሮ አራት ዓመቱ ነው። የእህቱ ዳሌ ላይ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች አሉ፤ ገላዋን ሳጥባት «የእሱ ናቸው» ትለኛለች። ስለ ገንዘቡና ስለ ሪፈሩ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ። የሊምፎሳይቱን ቁጥር እንዳወቅሽ ግን እኩለ ሌሊትም ቢሆን ላኪልኝ።