ትንሿ አምፕ ትልቁን ስፒከር ትችለዋለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ስቴሪዮ ነበር። ባለ 120 ቮልት መሆኑን ሳናይ 220 ላይ ሰካነውና ተቃጠለ። ሁለቱ ስፒከሮች ግን ደህና ናቸው፤ ከጀርባቸው «8 ኦም፣ 100 ዋት» ይላል። አሁን መርካቶ «50+50 ዋት» የምትል መዳፍ የምታህል አምፕሊፋየር ገዛሁ፤ አብረው የሰጡኝ አዳፕተር ባለ 12 ቮልት ነው። ጎረቤቴ «100 ዋት ስፒከር በ50 ዋት አምፕ ካስነሳህ አንዱ ይቃጠላል» ይለኛል። እውነት ነው? ሌሎች ሁለት አሮጌ ስፒከሮችም አሉኝ፤ ማድ ቤት አብሬ ልቀጥላቸው? (አንባቢዎ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፒከሮቹን ስላልጣልክ ደስ ብሎኛል። የተቃጠለው ከግድግዳው ጋር የተገናኘው ክፍል ነው። ስፒከር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦና ማግኔት ስለሆነ የ120 እና የ220 ጣጣ በቀጥታ አይመለከተውም።

በጎረቤትህ ሐሳብ አልስማማም። 100 ዋት የሚለው ስፒከሩ የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ይህን ካላገኘሁ አልሠራም ማለቱ አይደለም። ሳሎን ውስጥ እያወራችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ አንዱ ስፒከር የሚወስደው 1 ወይም 2 ዋት ቢሆን ነው። የተለመደ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ፣ 87 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። በ10 ዋት 97 ይደርሳል፤ ያ ለጎረቤትም ይተርፋል። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ጆሮ ላይ ይህን ያህል ነው።

እኔን ያሳሰበኝ አዳፕተሩ ነው። እንዲህ ያለች አምፕ በ12 ቮልት ስትሠራ 8 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ድምፁን ሳታበላሽ የምታወጣው ቢበዛ 9 ዋት ገደማ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው 50 የሚገኘው ቮልቱ ከ20 ሲያልፍ፣ ስፒከሩም 4 ኦም ሲሆን ነው፤ ሻጮቹ ይህን አይነግሩህም፣ ቢነግሩህ ግን ደግ ነበር። አምፗ ላይ «12–24 ቮልት» የሚል ከተጻፈ፣ 19 ቮልትና ከ3 አምፔር በላይ የሚሰጥ የላፕቶፕ ቻርጀር ፈልግላት። ያኔ በአንድ ስፒከር ወደ 20 ዋት ትጠጋለህ። የመሰኪያው ፕላስና ማይነስ መግጠሙን ቀድመህ አረጋግጥ፤ ከተጻፈው ቮልት በላይም እንዳትሰጣት።

ስፒከርን የሚያቃጥል ትልቅ አምፕ ብቻ ይመስለናል። ትንሿም ታቃጥላለች። አቅሟ አልቆ ሳለ ድምፅ ስትጨምርባት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ከዚያ የሚመጣው ትርፍ ጉልበት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ይበላዋል። ቤዝ ማብዛትም እዚያው ያደርስሃል፤ ቤዙን 10 ዴሲቤል ስትጨምር ለዚያ ድምፅ 10 እጥፍ ዋት እየጠየቅክ ነው። መሻከር ከጀመረ ወዲያው ቀንስ፤ ግብዣ ላይ ሰው «ጨምር ጨምር» ቢልህም።

አሁን ወደ መቀጠሉ። አምፗን ከሶኬት ንቀላት። ለሽቦ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በቂ ነው፤ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ የሽቦው ደርሶ መልስ 0.12 ኦም አይሞላም። ቀጭን የስልክ ሽቦ ግን በዚያው ርቀት ወደ 0.9 ኦም ይጠጋል፣ ድምፁን መንገድ ላይ ያስቀርብሃል። ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ላጥና ክሮቹን አጥብቀህ ጠምዝዝ። አንዲት ክር አፈንግጣ የጎን ቀዳዳውን ከነካች ሾርት ነው፣ አምፗ ልትሞት ትችላለች።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ በሁለቱም ስፒከር። አንዱን ብቻ ብትገለብጠው የሚቃጠል ነገር የለም፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፃዊውም መሐል መቆሙን ትቶ የት እንዳለ የማይታወቅ ይሆናል። በገና ብታጫውት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማሃል። የስፒከሩ ቀለም ከጠፋ ከአምፗ ፍታውና አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ብቻ አስነካው፤ ትልቁ ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ፦ የሁለቱን ስፒከር ጥቁር ሽቦዎች አንድ ላይ እንዳታስር። በአሮጌ ስቴሪዮ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። በእነዚህ አዳዲስ ትናንሽ አምፖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቁሩም ድምፅ ይወጣል፤ ከተገናኙ አምፗን ያበላሹብሃል።

የማድ ቤቶቹን ስፒከሮች ኦም ቀድመህ እወቅ። ጽሑፉ ከጠፋ በቴስተር ለካ፦ 8 ኦም የሚባለው 6 ወይም 7 ያሳያል፣ 4 ኦም የሚባለው ከ3 ብዙም አያልፍም። 8 ከሆኑና ከሳሎኖቹ ጋር በፓራለል (ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጎን ለጎን) ካያያዝካቸው አምፗ የምታየው 4 ኦም ነው። 4 ኦም ከተፈቀደላት ትችለዋለች፤ ስለምትሞቅ ብቻ መጋረጃ ሥር አትወሽቃት። 4 ከሆኑ ወደ 2.7 ኦም ስለሚወርድ ተው። በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) ማያያዝ አምፗን አይጎዳም፣ ግን ድምፁ ይቀንሳል፣ ዓይነታቸው ሲለያይም ይዛባል። እኔ ብሆን ለማድ ቤት ሌላ ርካሽ አምፕ እገዛለሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬን በገመድ ከአምፕ ጋር አገናኝቼ ቻርጅ ሳደርገው ስፒከሩ ያንጫርራል። አምፑ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ቻርጀሩን ንቀይና አድምጪ። ጩኸቱ ከቆመ አምፑ ደህና ነው፤ ረብሻው በቻርጀሩ በኩል የሚመጣ ነው። በባትሪ አጫውቺ፣ ወይም አምፑ ብሉቱዝ ካለው በእሱ ተጠቀሚ። ቻርጀሩ ተነቅሎም ካልቆመ የድምፅ ገመዱን ለውጠሽ ሞክሪ።